አጋሰስ ሞተር ስትቀይር

«ጽሑፍ አለው?» አላት አባቷ።

በሁለት እጁ የያዘው የፍሪሲዮኑን ሸራ ነበር፤ የሰሃን ስፋት ያለው፣ መሃሉ ላይ ባለጥርስ ቀዳዳ ያለው ክብ ነገር። ሞተሩና ካምቢዮው ሲጋጠሙ በመሃላቸው የሚቀመጠው እሱ ነው። አባቷ አንዱን ገጽ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ገለበጠና ሌላውንም ዳሰሰ። ሁለቱም ለእጅ አንድ ናቸው። አንደኛው ገጽ ግን ወደ ሞተሩ፣ ሌላኛው ወደ ካምቢዮው መዞር አለበት፤ ከተገለበጠ ሞተሩ ይነሳል እንጂ ማርሽ አይገባም። ይህን ለልጁ ለቡሎን ያስተማራት ራሱ ነው።

ቡሎን ጎንበስ ብላ አየች። ጽሑፍ አለው። ከቀዳዳው አጠገብ ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ይህ ገጽ ወደ ሞተር ይዙር ነው የሚሉት። አባቷ ያንን ገጽ ወደ ካምቢዮው አዙሮ ይዞታል።

«አንቺን እኮ ነው! ጽሑፍ አለው ወይ?»

«የለውም አባዬ። ልሙጥ ነው።»

«በደንብ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲህ እጄ እንደለመደው ልግጠመው» አለና ሸራውን ሞተሩ ጀርባ ላይ አስደገፈው። ቡሎን ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አቀበለችው። እሱ እያጠበቀ ያፏጫል። አባቷን ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ የትምህርት ቤት ነገር ስንት ጊዜ ዋሽታዋለች። በብረት ነገር ግን ዋሽታው አታውቅም።

እውነተኛ ስሟ ቡሎን አይደለም። ገና በዳዴ ሳለች መኪና ስር ገብታ የወደቀ ቡሎን እየለቀመች አፏ ውስጥ ስለምትከት አባቷ ያወጣላት ቅጽል ነው። አሁን አስራ አራት ዓመት ሞልቷትም ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው ካለ የተቆጣ ሰው ነው። መኪናዋም ቅጽል አላት፤ አጋሰስ ትባላለች። አስፋልቱ ከሚያልቅበት ተነስታ ተራራው ላይ እስካሉት መንደሮች ሰውም ዕቃም ጭና የምትወጣ፣ አራቱም ጎማዋ የሚገፋ አሮጊት ናት። ሌላው መኪና ዳገቱን አይቶ ሲመለስ እሷ እያቃሰተች ትወጣለች። የቤተሰቡ እንጀራ በእሷ ጀርባ ላይ ነው።

የቤንዚን ሞተሯ ዳገቱ መሃል ላይ ነፍሱ ሲወጣ፣ አባቷ ከተገለበጠ ትንሽ የጭነት መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር በጋሪ አስገፍቶ ግቢ አስገባ። ሰፈሩ ሳቀ። «የበሬ ልብ ለፍየል!» ብሎ ቀድሞ ያላገጠው ጎረቤታቸው በያጁ ነው፤ ቅንድቡን እሳት የበላው፣ አፉ የማያርፍ ወጣት። ቀድሞ ሊያግዝ የመጣውም እሱ ነው።

ሥራው እንደተፈራው ሆነ። የናፍጣው ሞተር ከአሮጌው በአንድ ስንዝር ስለሚረዝም ራዲያተሩ ወደፊት ተገፋ። የዘይት ቋቱ የፊተኛውን አክሰል ስለነካ ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። ሞተሩ የሚቀመጥባቸው እግሮች አልገጥም ስላሉ አዲስ ተሠሩ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ወፍራም ብረት ደግሞ ቀዳዳዎቹ አልገጣጠም ብለው ሁለቴ ተበላሽቶ በሦስተኛው ልክ መጣ። ይህን ሁሉ አባቷ የለካው በስንዝሩና በጣቶቹ ነው። ሜትር ሲያስፈልግ ቁጥሩን የምታነብለት ቡሎን ነበረች።

ለምን እንደምታነብለት የምታውቀውም እሷ ብቻ ነበረች።

አሮጌው ሞተር ከመሞቱ በፊት፣ ከተራራው ሲወርዱ ቡሎን ከፊት ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። መታጠፊያው ጋ መሪውን አላዞረም። እሷ «አባዬ!» ብላ ስትጮህ የቀኝ ጎማው ገደሉ አፍ ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮች ገፍቶ ወደ ታች ሰደዳቸው። ከኋላ የተሳፈሩ ሴትዮ ልጃቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አነቡ። «አቧራ ነው፤ አቧራ ገባብኝ» አለ አባቷ። የዚያን ቀን ግን አቧራ አልነበረም፤ ዘንቦ ነበር።

ዓይን ሐኪም ዘንድ የሄደው ከእሷ ጋር ነው። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ መረመረችውና ዓይኑን ከአንጎል የሚያገናኘው ጅማት እየሞተ መሆኑን ነገረችው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ያዘዘችለት ጠብታ ለጊዜው ያቆየው ይሆናል። አባቷ አመስግኖ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርሱ ትከሻዋን ጨምድዶ ያዛት። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። መኪናዋ እስክትነሳ ብቻ።»

ቡሎን ማለች። ከዚያ ወዲህ ግን ያን መሐላ ስታመላልሰው ኖረች። መኪናዋ እስክትነሳ ብቻ ማለት ምን ማለት ነው? መኪናዋ ተነሳች ማለት አባቷ መሪ ያዘ ማለት ነው። እናቷ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ቅዳሜ አጋሰስ ትወጣለች፣ እኔም ከፊት ነኝ» እያለች አውርታለች፤ ተራራው ላይ ገበያ አላት። አንድ ጊዜ ቡሎን እንደምንም ደፍራ «ቅዳሜ ማነው የሚነዳው?» ብላ ጠይቃው ነበር። «መኪናዋ ትነሳ እንጂ ነጂ አይጠፋም» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የአባቷን ግትርነት ስለምታውቅ ቀልዱን «እኔው ነኝ የምነዳው» እንዳላት ቆጠረችው።

እናም ሸራው ተገልብጦ ሲገጠም ዝም አለች። ማርሽ የማይገባላት መኪና ገደል አትገባም። ይህን ያህል ነበር ሐሳቧ፤ ከዚያ ወዲያ አላሰበችም።

ሞተሩ የገባ ቀን በያጁ ሦስት የብረት ምሰሶ አቁሞ ከላይ ሰንሰለት አንጠለጠለ። ሰንሰለቱን የምትስበው ቡሎን ናት። አባቷ ከስር በጀርባው ተኝቶ በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ባለው ክፍተት ጣቱን ከትቷል።

«ዝቅ አድርጊው... ትንሽ... ቁሚ! አንተ ከፊት ግፋው፣ በቀስታ!»

«ጋሼ፣ ጣትዎን ያውጡ እንጂ! ቋሊማ ሊሆንልዎት ነው» አለ በያጁ።

«ጣቴ ካልነገረኝ ማን ይነግረኛል? ግፋ ብዬሃለሁ!»

ክብደቱ ተንቀጠቀጠ፣ ተንሸራተተና የካምቢዮው ዘንግ የሸራውን ጥርስ አግኝቶ ጥርቅም ብሎ ገባ። በያጁ በደስታ ኮፋኖውን ደበደበ። «አቦ ይመችዎት ጋሼ! እጅዎት ዓይን አለው እኮ!»

አባቷ ከስር ወጣ። ፊቱ በዘይት ተለውሶ፣ ቡሎን ለብዙ ጊዜ ያላየችውን ፈገግታ ፈገገ። «ይመስልሃል?» አለው፤ እንደ ቀልድ አልነበረም የጠየቀው። «እውነትህን ነው? ይመስልሃል?»

«እኔ በሁለት ዓይኔ ከዚህ በላይ አልገጥምም።»

ያን ፈገግታ ስታይ ቡሎን ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። እናቷ ዳቦና ሻይ ይዛ ብቅ አለች፣ በያጁም ስለ ሆዱ ቀልድ ጀመረ፣ አፏን መልሳ ዘጋችው።

ናፍጣው ተቀዳ፣ ከቱቦው ውስጥ አየሩ ወጣ። አባቷ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አጓራ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ጠፋ። ደግሞ አዞረው። በሦስተኛው ላይ ያዘ፤ ግቢው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹ ሰሃናቸው ላይ ተንጫጩ። እናቷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ በያጁ ጨፈረ። አባቷ ወርዶ መዳፉን ኮፋኖው ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

ከዚያ ተመልሶ ገባ። «እስቲ እዚሁ ግቢ ውስጥ ላንቀሳቅሳት።»

ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ሲገፋ ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማ። ለቀቀው፤ እንደገና ረገጠ። ያው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ አስገባና ቁልፉን አዞረ፤ አጋሰስ እግሩ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ ወደፊት ዘለለችና የውሃውን በርሜል ገጭታ ቆመች። በርሜሉ ተንከባለለ። እናቷ ጮኸች። ውሃው ግቢውን አጥለቀለቀ።

አባቷ እጁ መሪው ላይ እንዳለ «ሸራው ተገልብጧል» አለ።

«እና ምን ይጠበስ!» አለ በያጁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ነገ እናወርደዋለን፣ እናዞረዋለን፣ አለቀ። ማን የማይሳሳት አለ?»

አባቷ ወረደ፤ በእጁ እየፈለገ የመሣሪያ ሳጥኑን አገኘና ላዩ ላይ ተቀመጠ። ሲፈልግ እናቷ አየችው። እጁ ሳጥኑን አልፎ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ጠርዙን ሲዳብስ አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ዓይኔ ሄዷል» አለ። «ከሄደ ቆይቷል። ልነግርሽ ነበር፤ መኪናዋ ትነሳ ብዬ ነው።»

በያጁ ጓንቱን አውልቆ መልሶ አጠለቀ።

«ለቅዳሜ ሾፌር ነግሬያለሁ» አለ አባቷ። «ያን ገደሉ ጋ የሆነውን ካየሁ በኋላ እኔ ሰው ጭኜ ልነዳ? አላበድኩም። መኪናዋ በሾፌር ትሠራለች፣ እኔ ደግሞ እዚህ ግቢ ጋራዥ እከፍታለሁ ብዬ ነበር። ዓይኔ ቢሄድ እጄ ይቀርልኛል ብዬ። ይህን ሞተር በእጄ ብቻ ገጥሜ ካስነሳሁት ሰው ነኝ፤ ካልሆነልኝ አይደለሁም፤ ለራሴ የሰጠሁት ፈተና ነበር።» መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። «ወደቅኩ።»

ቡሎን የበርሜሉ ውሃ ጫማዋ ውስጥ መግባቱን እንኳ አላወቀችም። መንዳቱን ልትቀማው ነበር የፈለገችው፤ እሱ ግን መንዳቱን በገዛ እጁ ጥሎት ነበር። የቀማችው ሌላ ነገር ነው።

«ወዴት እንደሚዞር የሚናገር ጽሑፍ አልነበረውም?» አለች እናቷ፤ ዓይኗ ቡሎን ላይ ነው።

«የለውም፣ ተፍቆ ይሆናል። ልጅቷን ተያት» አለ አባቷ። «እሷ ምን ታድርግ? ድሮ ቢሆን በጣቴ እለየው ነበር። ሙያ ያለው እጅ ጽሑፍ አይጠብቅም።»

ቢሰድባት በወደደች። ቢመታትም።

አባቷ ከሳጥኑ ላይ ተነሳና በእግሩ ወደ በያጁ ገፋው። «ውሰደው። ለእኔ ከእንግዲህ ብረት ብቻ ነው።»

«አረ ጋሼ፣ ምን ማለትዎ...»

«ውሰደው ብያለሁ!»

በያጁ ሳጥኑን በር ድረስ ጎትቶ እዚያው ተወው። «ነገ እወስደዋለሁ» ብሎ ሹልክ አለ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጥቶ ሄደ።

በማግስቱ አባቷ ከአልጋ አልተነሳም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ፤ ቁርስ ሲገባለት «አስቀምጡት» አለ፣ ምሳ ሲገባ ቁርሱ እንዳለ ነበር። እናቷ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትቆጣለች። «አብረን እየኖርን! አንድ ሰው ዓይኑን ሲያጣ ሚስቱ አትሰማም?» ትላለች ለድስቱ። ቡሎን ታውቅ እንደነበር ግን እስካሁን አልጠየቀቻትም።

ትምህርት ቤት የፊዚክስ ፈተና ነበር። ስለ መዘውርና ስለ ክብደት ማንሳት የተጠየቀውን ሁሉ ታውቀዋለች፤ በሰንሰለት ስባዋለች። ስሟን ጽፋ ወረቀቱን እያየች ተቀመጠች። ካልተናገርኩ አባዬ እጁን እንዳጣ ይኖራል፤ ስትል አሰበች። ከተናገርኩ ደግሞ እኔን ያጣል። ሜትር የማነብለት፣ ቡሎን የማቀብለው፣ ሐኪም ቤት እጁን ይዤ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ውሸታም መሆኔን ካወቀ ከዚህ በኋላ በማን ዓይን ያያል? የትኛውም መንገድ ጥሩ አልነበረም። ፈታኟ መጥታ ባዶውን ወረቀት ስትወስድ ቀና ብላ አላየቻትም።

ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ አባቷ ክፍል ሄደች። መጋረጃው ተዘግቷል። ከአልጋው እግርጌ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ።»

«እ።»

«ጽሑፍ ነበረው። አንብቤዋለሁ። ገልብጠህ ይዘኸው ነበር፣ እኔ ደግሞ የለውም አልኩህ።»

ውጭ የሆነ ሰው በር ዘጋ፤ የጎረቤት ሬዲዮ ማስታወቂያ ያወራል። ቡሎን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ለምን?» አለ በመጨረሻ።

«የምትነዳ መስሎኝ። እማዬን ከፊት አስቀምጠህ። ያንን መታጠፊያ...»

«ጠይቀሽኛል?»

«ጠይቄህ ነበር። ነጂ አይጠፋም አልከኝ።»

አባቷ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ከዚያ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን አንዱን በሌላው አሻሸ፤ ጣቶቹን በየተራ ጨበጠ፣ ዘረጋ። ቡሎን ይቅር ይለኛል ብላ ጠበቀች። ይጮህብኛልም ብላ ጠበቀች።

«ስንት ዓመት ሰው አምኖኝ ጫንኩ» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «እኔ ያመንኩት አንቺን ነበር። አሁን ውጪ።»

ወጣች። ወጥ ቤት ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። እጁን መልሳለታለች፤ ይህን ታውቃለች። ለእሷ ግን የቀራት ነገር ያለ አልመሰላትም።

ብዙም ሳይቆይ ከግቢ ብረት ሲንኳኳ ሰማች። በመስኮቱ አየች። አባቷ የመሣሪያ ሳጥኑን ከበሩ ራሱ ጎትቶ አጋሰስ ጋ አድርሶታል፤ ኮፋኖው ተከፍቷል፣ የሞተሩ ቡሎኖች እየተፈቱ ነው። አጠገቡ የቆመችው እናቷ ናት። «ነይ እዪልኝ፤ ይሄ ቱቦ ወዴት ነው የሚሄደው?» ይላታል።

«ወደ... ወደዚያ ወደ ጥቁሩ።»

«የትኛው ጥቁር?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ሁሉም ጥቁር ነው!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቡሎን በሳቅ ትፈርስ ነበር። አባቷም አልሳቀም። በትዕግሥት ጠየቃት፣ መልሷን በእጁ እየፈለገ አረጋገጠ። ቡሎኖቹ ተፈተው ካለቁ በኋላ ግን ሥራው ቆመ። ሞተሩ ካምቢዮውን ለቅቆ ወደፊት እንዲወጣ ሰንሰለቱን የሚስብ ሰው ያስፈልጋል፤ በያጁ ሥራ ላይ ነው፣ እናቷ ደግሞ ትከሻዋን ያማታል።

ቡሎን ወጣች። ማንም አልጠራትም። ሰንሰለቱን ስትይዘው ተንሿሿ።

«ማነው?» አለ አባቷ።

«እኔ ነኝ።»

ፊቱን ወደ እናቷ ድምፅ አዞረ። «ሌላ ሰው የለም?»

«የለም» አለች እናቷ። እሷም አሁን ሁሉን አውቃለች፤ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

አባቷ አልተንቀሳቀሰም። ቡሎን ሰንሰለቱን ጥላ ተመልሳ ወጥ ቤት መግባት ትችል ነበር፤ እግሯም ያንን ፈልጎ ነበር። ሰንሰለቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና ወደ ላይ አንጋጠጠች። ማንም ባይጠይቃትም፣ ማንም ባያምናትም፣ ያየችውን ሁሉ ልትናገር ወሰነች።

«መንጠቆው ዝጓል፤ ግን ይይዛል» አለች። «ሞተሩ ወደ አንተ ያዘነብላል። ሞተሩን ከመንጠቆው ጋር ያሰረው የግራው ገመድ ላልቷል፤ በዚህ ሁኔታ ከሳብኩት ይንሸራተታል።»

አባቷ እጁን ዘርግቶ በሞተሩ ላይ አሻገረና የግራውን ገመድ ፈለገ። አገኘው። ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፤ በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ ልልነቱን ለካ። ከዚያ በፊት እሷ ያለችውን መልሶ ዳስሶ አያውቅም ነበር።

ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ቋጠረ።

«ሳቢ» አለ።